እሳት ያልቀመሱት ሸክላዎች

ይህን የምጽፈው አንድ ሽማግሌ ያላጠፉትን ጥፋት በራሳቸው ስለ ተሸከሙ፣ እኔም እስከ ዛሬ ዝም ስላልሁ ነው። በመካነ ሰላም ገበያ የላይኛው ጥግ የነበረው የብር አንጥረኛ ሱቅ ባለፈው ጥቅምት ተዘግቷል። ከዚያ ወዲህ የጌጣቸው መልክ የታተመበትን ሸክላ ፍለጋ ወደ ጋሽ ይመር ቤት የሚሄዱ ሰዎች አሉ። ጋሽ ይመር የሱቁ ባለቤትና የእኔ መምህር ናቸው። ለመጣው ሁሉ «ሱቁ የእኔ ነበር፤ የጠፋውም በእኔ እጅ ነው፤ አፉ በሉኝ» ይላሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህን በሰው ፊት እንዳልናገር ከልክለውኛል፤ እንዳልጽፍ ግን አልከለከሉኝም።

ዕድሜዬ ገና ሠላሳ አልሞላም፤ የሥራ ዘመንን ትዝታ መጻፍ የሸበተ ሰው ወግ እንደ ሆነም አውቃለሁ። ነገር ግን ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ጀምሮ የኖርሁበት ሙያ ከእጄ ወጥቷል። አሁን በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ ብርጭቆ አጥባለሁ፣ መምህራኑ ለሙከራ የሚፈልጉትን አዘጋጃለሁ። ነጭ ካፖርት ሰጥተውኛል። በጣቶቼ ላይ ያለው የእሳት ጠባሳ ግን የዚያኛው ሥራ ነው።

ወደ ጋሽ ይመር ሱቅ የገባሁት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት ሳይመጣልኝ በቀረበት ዓመት ነው። ጋሽ ይመር ያን ጊዜ ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ነጭ ቆባቸውን ከራሳቸው የማያወልቁ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከመዶሻው በታች የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። በብብቴ የያዝሁትን መጽሐፍ አይተው የጠየቁኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

«ምንድን ነው የያዝኸው?»

«መጽሐፍ ነው ጋሼ። ኬሚስትሪ።»

«እንግዲያስ ምሁር መጥቶልናል! እስቲ ንገረኝ፤ ብር ሲቀልጥ ምን ይሆናል?»

«ፈሳሽ ይሆናል። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይጠጥራል። ፊዚካዊ ለውጥ ነው፤ ማንነቱ አይለወጥም።»

«የማን ማንነት?»

«የብሩ።»

«ብሩስ እሽ። የአምባሩስ?»

መልስ ሳይጠብቁ ወናፉን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «በል፣ ንፋ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ምሁር» ሆኖ ቀረ። ደመወዜ ለአንድ ላጤ የሚበቃ ነበር።

በዚያ ሱቅ ማንኛውም ጌጥ ከመቅለጡ በፊት በሸክላ ላይ ይታተም ነበር። ልማዱን ያወጡት የጋሽ ይመር አባት ናቸው። በእርሳቸው ዘመን የሁለት ቤተሰብ ጌጥ በአንድ ቀን ቀልጦ፣ «የእኛ እንዲህ ነበር፣ የእናንተ እንዲያ ነበር» የሚል ጠብ ተነሥቶ እስከ ሽማግሌ ደርሶ ነበር ይባላል። ከዚያ በኋላ አባትየው ከወንዝ ዳር የሸክላ አፈር አስመጡ፤ የተፈጨ ገል ቀላቅለው አቦኩት፤ በመዳፍ ልክ እየጠፈጠፉ የሚቀልጠውን ሁሉ ማተም ጀመሩ። ቀለበት ጫን ይደረግና ይነሣል። አምባር ግን እንደ መንኮራኩር በጭቃው ላይ ይንከባለላል፤ ዙሪያውን ያለው ቅርጽ ሁሉ በአንድ ረድፍ ተዘርግቶ ይቀራል። የባለቤቱ ስም አይጻፍም። «ሰው የራሱን ጌጥ ሳያነብ ያውቀዋል» ይሉ ነበር ጋሽ ይመር። እውነታቸውን ነበር። በሃያ ዓመቷ ያስቀለጠችውን አልቦ ሸክላ በእርጅናዋ መጥታ በግድግዳው መደርደሪያ ላይ ከተደረደሩት መካከል በአንድ እይታ ያወጣች ሴት አይቻለሁ። ሸክላውን በጉንጯ ላይ አድርጋ ቆየችና መልሳ ቦታው አኑራው ሄደች።

የታተመው ሸክላ ሰባት ቀን በጥላ ይደርቃል። ከዚያ ብር በሚቀልጥበት ቀን በምድጃው ፍም ውስጥ ይቀበርና እስኪቀላ ይቆያል፤ የሚወጣውም እሳቱ በራሱ ጊዜ ሲሞት ነው። ውስጡ ጥቂት ርጥበት ከቀረ ይፈነዳል፤ ስለዚህ ማቻኮል የለም። በማግስቱ ጋሽ ይመር እያንዳንዱን ሸክላ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው በጥፍራቸው ይመቱታል። የበሰለው እንደ ብርጭቆ ይጮኻል። ደርቆ ብቻ የቀረው ዱፍ ይላል። ዱፍ ያለው ወደ እሳቱ ይመለሳል።

«ስማ ምሁር» አሉኝ በመጀመሪያው ወር። «ጭቃ ሲደርቅ ውሃው ይወጣል እንጂ ጭቃነቱ አይወጣም። ውሃው ሲመለስ እርሱም ይመለሳል። እሳት የገባው ግን ውሃ ውስጥ ቢያድርም ያየውን አይረሳም።»

እኔም ማታ መጽሐፌን ገልጬ ያሉትን አገኘሁት። መድረቅ ፊዚካዊ ለውጥ ነው፤ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ውሃ ተነነ ማለት ብቻ ነው። እሳቱ ሲበረታ ግን ከአፈሩ ጋር የተሳሰረው ውሃ ራሱ ይለያል፤ አዲስ ነገር ይፈጠራል፤ መመለሻም የለውም። በማግስቱ ይህን አስረዳኋቸው። አድምጠው ሲያበቁ «መጽሐፍህ ይህን ካወቀ ሸጋ መጽሐፍ ነው» አሉኝ። ይህን እዚህ ያሰፈርሁት ባለማወቅ አጠፋሁ ብዬ ለማመካኘት እንዳይመቸኝ ነው። ዐውቅ ነበር።

ከልማዶቻቸው ሌላው የጥራጊው ነገር ነው። ዘወትር ዓርብ ከጁምዓ በፊት የሱቁን ወለል በራሳቸው እጅ ጠርገው፣ ጥራጊውንና ብር የተወለወለበትን ጨርቅ በአንድ ጋን ያጠራቅማሉ። ዓመት ሲሞላ ያቃጥሉታል፤ አመዱን በውሃ ያጥቡታል፤ ከሥር የቀረውን ጥቁር ደቃቅ ቦራክስ ከሚባል የማጥሪያ ጨው ጋር ያቀልጡታል። ጨርቁ አመድ ሆኖ ይቀራል፤ ከጨርቁ የተለየው ብር ግን እንደ አተር ፍሬ ነጭ ሆኖ ይንከባለላል። «የማንም ብር» ብለው ይጠሩታል። ከመቶ ሰው ጌጥ የረገፈ ነውና የማን ነው አይባልም። ከእርሱ ለራሳቸው አንድ ቀለበት እንኳ ሠርተው አያውቁም፤ ጌጥ ለሌላት ሙሽራ ይሰጡታል፣ ወይም በሥራ ላይ እሳት የጎዳውን የሰው ብር ይተኩበታል።

ከሁሉ በላይ ያደነቅሁላቸው ግን ከሰው ጋር የሚነጋገሩበትን መንገድ ነው። አንድ ጊዜ ከዐረብ አገር የተመለሰች ሴት ከአማቷ ጋር መጣች። የወርቅ ሰንሰለቷን አቅልጠን ጉትቻ እንድንሠራላት ፈለገች። ጋሽ ይመር ሰንሰለቱን በጥቁሩ መፈተኛ ድንጋይ ላይ ጫር አድርገው መስመር አወጡና አንድ ጠብታ አሲድ ጣሉበት። ወርቅ ቢሆን መስመሩ ባለበት ይቀራል። ይህ አረፋ ደፍቆ፣ አረንጓዴ ሆኖ ጠፋ፤ መዳብ ነበር።

«ምን አለ?» አሉ አማትየው አንገታቸውን አስግገው።

«ይህ ሰንሰለት ለማቅለጥ አይመችም እናቴ፤ እንዳለ ይሻላል» አሏቸው። ወዲያውም «ይልቅ ያ የአንገትዎ ድሪ የሚገርም ሥራ ነው፤ ምሁር፣ እስቲ በር ላይ ወስደህ በብርሃን እይልኝ፤ እናታችንም ይሂዱ አብረውህ» አሉ። እኔ ከአማትየው ጋር በር ላይ ቆሜ ድሪውን ሳደንቅ እርሳቸው ለሴትዮዋ እውነቱን ነገሯት። ስታለቅስም «አብሽሪ ልጄ፤ አይዞሽ። የለፋሽበት ጉልበት ሐሰት አይደለም። ሐሰቱ የሻጩ ነው» ሲሏት ሰማሁ።

በሠርግ ወራት ሣጥን አሸክመው ወደ አቀስታና ወደ ወረኢሉ ገበያ ይልኩኝ ነበር። አቀስታ ብርዱ ይጠናል፤ ቤቱ በኩበት ጭስ ይሞላል፤ ብር በጭስ ቶሎ ይጠቁራል። ሰውም ብር የሚጠቁረው ባለቤቱ ሲታመም ነው ብሎ ያምናል። አንዲት እናት የጠቆረ አምባራቸውን አምጥተው አሳዩኝ። እኔም በሙሉ ክብር ጀመርሁ፦ በጭሱ ውስጥ ድኝ እንዳለ፣ ድኙ ከብሩ የላይኛ ገጽ ጋር እንደሚዋሐድ፣ የተፈጠረው ጥቁር ነገር ብርም ድኝም ሳይሆን ሦስተኛ ነገር እንደ ሆነ፣ ከሥሩ ያለው ብር ግን እንዳልተነካ።

በትዕግሥት ሰሙኝና «ታዲያ ልጄ፣ አልሞትም ነው የምትለኝ?» አሉ።

«አይሞቱም።»

«ምነው ይህንን አስቀድመህ ብትለኝ! ይኸኔ ውኃ ቀድቼ በተመለስሁ።»

ይህን ለጋሽ ይመር ስነግራቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያም በቁም ነገር «ሰው ከጠየቀህ ነገር ጀምር፤ ከምታውቀው አትጀምር» አሉኝ።

በስድስተኛው ዓመቴ ወደ ደሴ ሄድሁ። እዚያ የቀጠሩኝ ባለ ሱቅ ጎበዝ ሰው ነበሩ፤ ክር የመሰለ የወርቅ ሰንሰለት ሲበይዱ መጋጠሚያው በማጉያ እንኳ አይታይም። በጋዝ ነበር የሚሠሩት። ወናፍ የለ፣ ከሰል የለ፤ እሳቱ በክብሪት ይጀምራል፣ ብሩ ደንበኛው ቆሞ ሳለ ይቀልጣል። «ጋዝ ሰው አያስጠብቅም» ይሉ ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ሠርቼ እጄ ፈጠነ። ከዚያ የጋሽ ይመር ዓይን በሞራ መጋረዱን ሰማሁ፤ ሴት ልጃቸውም «ሱቁን የሚይዝለት አጣ» ብላ ደወለችልኝ። የጋዝ መንፊያ ይዤ ተመለስሁ።

ጋሽ ይመር መንፊያውን በእጃቸው ዳስሰው፣ ድምፁን ሰምተው አደነቁ። ሱቁን ለእኔ ሰጥተው እርሳቸው በር ላይ በበርጩማ ይቀመጡ ጀመር። የሰጡኝ አደራ አንድ ብቻ ነበር፦ «ግድግዳውን አደራ። ሸክላውን አትተው።»

አልተውሁም፤ ማተሙን አልተውሁም። የተውሁት እሳቱን ነው። ጋዝ ብሩን በደቂቃዎች ያቀልጥና ይጠፋል፤ ሸክላ የሚቀበርበት ፍም አይተርፍለትም። ለሸክላው ብቻ ብሎ ከሰል አቀጣጥሎ ሌሊቱን ማሳደር የማባከን ያህል መሰለኝ። ስለዚህ የታተመውን በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ሁለት ሳምንት በበጋ ፀሐይ አደርቀዋለሁ። እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። በዓይን ሲታይ ከበሰለው የሚለየው ጥቂት ነው። ክረምት ሳይገባ ሁሉንም ሰብስቤ በአንድ ቀን አበስላቸዋለሁ እያልሁ በግድግዳው መደርደሪያ ላይ ከአሮጌዎቹ ጎን እደረድራቸው ነበር። አንድ ክረምት እንዲሁ አለፈ፤ ምንም አልሆኑም። ይህም አደፋፈረኝ።

አንድ ቀን ጋሽ ይመር ከበርጩማቸው ሆነው «ምሁር፣ የሰሞኑ ሸክላ በስሏል?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«እስቲ አንዱን አምጣ።»

እጃቸውን ዘረጉ። እኔም ከአሮጌዎቹ አንዱን አንሥቼ በመዳፋቸው ላይ አኖርሁ። በሌላው እጃቸው ጣት ዳበሱት። ወደ ጆሯቸው አስጠግተው በጥፍራቸው መቱት። ጮኸ። አንዴ ደግመው ዳበሱትና «ጥሩ ነው» ብለው መለሱልኝ። ከሠራሁት ሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

በዚያው ሰሞን፣ በታኅሣሥ፣ በገበያው ቅመም የምትሸጠው ዘሀራ የሟች እናቷን አምባር ይዛ መጣች። ሰፊ የብር አምባር ነው፤ ዙሪያውን ስድስት መስመር ቅርጽ አለው፤ የጋሽ ይመር አባት የሠሩት ነበር። እናትየው ትተው የሄዱት ጌጥ እርሱ ብቻ ነው፤ ልጆቻቸው ሁለት ናቸው። ታናሿ ሰዓዳ ጅዳ በሰው ቤት ትሠራ ስለ ነበር ለቀብር አልደረሰችም። እኅትማማቾቹ በስልክ ተመካክረው ነበር። አምባሩ ቀልጦ ሁለት ቀጫጭን ልሙጥ አምባሮች ይሁን፤ አንዱ በሰው እጅ ወደ ጅዳ ይሂድ፤ ሰዓዳ ስትመለስ ግን ሁለቱ ተመልሰው ይቅለጡና በሸክላው መልክ የእናታቸው አምባር እንደገና ይሠራ። እኔም አተምሁት። ስድስቱም መስመሮች ጥርት ብለው ወጡ። አደረቅሁት። በመደርደሪያው ላይ አኖርሁት።

በነሐሴ ለዘመድ ለቅሶ ወደ አቀስታ ሄድሁ። በመመለሻዬ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሚኒባሱ ስለማይንቀሳቀስ ሦስት ቀን ዘገየሁ። በእነዚያ ቀናት በመካነ ሰላም በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወርዶ የሱቁን አንድ ቆርቆሮ አንሥቶታል። በሩን ስከፍት ውኃው በግድግዳው ላይ እንደ ወረደ ነው። የጋሽ ይመርና የአባታቸው ሸክላዎች ታጥበው፣ ቀይ ሆነው፣ በየቦታቸው ቆመዋል። የእኔዎቹ አልነበሩም። ከመደርደሪያው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ፣ ወለሉም ላይ የተኛ አንድ ጭቃ ነበር። ጠርጌ ልጥለው አልቻልሁም፤ በሣፋ ሰብስቤ ጥግ አስቀመጥሁት።

በመስከረም ዘሀራና ሰዓዳ አብረው መጡ። ሰዓዳ ከገባች ገና ሳምንቷ ነበር። ቀጭኑን አምባር ከእጇ አውልቃ በሥራ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ይኸው። ከደረሰኝ ጀምሮ ከእጄ አላወለቅሁትም፤ ወላሂ፣ ዕቃ ሳጥብ እንኳ።»

«ለዚህ ነዋ እንዲህ የነጻው» አለች ዘሀራ የራሷን እያወለቀች። «የእኔ በበርበሬ ውስጥ ነው የኖረው፤ ለአምባር ሳይሆን ለወጥ ይሆናል።»

ሁለቱንም መዘንሁ፤ ሁለቱንም ፈተንሁ። ብሩ ያው ብር ነበር። ባሕር ተሻግሮ፣ በሳሙናና በበርበሬ ኖሮ፣ አንዳች አልሆነም። ከዚያ ቀና ብዬ ነገርኋቸው።

«ብሩ አለ። ሸክላው ግን የለም። ዝናብ ገብቶበት ሟሟ።»

«ሸክላ ይሟሟል እንዴ?» አለች ዘሀራ። «እንስራዬ ዕድሜ ልኩን ውኃ ተሸክሞ መቼ ሟሟ?»

«እሳት አላስገባሁትም ነበር።»

ዘሀራ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሰዓዳ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ቆሙት ሸክላዎች፣ ለረጅም ጊዜ አየች።

«እኔ ቀብሯ ላይ አልነበርሁም» አለች በመጨረሻ። «ዘሀራ ‹አይዞሽ፣ መልኩ ሸክላው ላይ አለ› አለችኝ። እኔ እርሱን ነበር የምጠብቀው።»

ብትሰድበኝ ይቀልለኝ ነበር።

ዓይናቸው ስለ ባሰባቸው ከክረምቱ ወዲህ ከቤት የማይወጡትን ጋሽ ይመርን ሄጄ እጃቸውን ይዤ አመጣኋቸው። በመንገድ ላይ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ከአንድ ነገር በቀር፤ በመዳፋቸው ላይ ስላኖርሁት አሮጌ ሸክላ አልነገርኋቸውም። እኅትማማቾቹን «አላህ እናታችሁን ይማር» ካሉ በኋላ «ጭቃውን ጣልኸው?» ብለው ጠየቁኝ።

«የለም፤ በሣፋ አለ።»

«አምጣው።»

በሣፋው ውስጥ ያለውን ጭቃ በሁለት እጃቸው አቦኩት። የስንት ሰው ጌጥ መልክ የነበረው ሁሉ አንድ ሆኖ በጣታቸው መካከል ይወጣ ይገባ ነበር። ጠፍጥፈው አስተካከሉት። ከዚያ ስንጥር ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጭቃው ላይ መጻፍ ጀመሩ። የመጀመሪያው መስመር የመጋዝ ጥርስ። ሁለተኛው ጥንድ ጥንድ ነጥብ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ስንጥሩ ቆመ፤ ዘለሉት። አራተኛው ግማሽ ጨረቃ። አምስተኛውንም ዘለሉ። ስድስተኛው እንደገና የመጋዝ ጥርስ።

«አባቴ ይህን ሲሠሩ እኔ ወናፍ ነፊ ነበርሁ» አሉ። «አራቱን ጣቴ ያውቃቸዋል። ሁለቱን አላውቅም።»

«ሦስተኛው የስንዴ ዛላ ነው» አለች ዘሀራ ፈጥና።

«ሐረግ ነው!» አለች ሰዓዳ። «ጣቴን በእርሱ ላይ እየሰደድሁ ነው ያደግሁት።»

«አንቺ ጣትሽን አፍሽ ውስጥ ነበር የምትሰጂው።»

«አንቺስ መች አጠገቧ ትቀመጪ ነበር? ገበያ ለገበያ!»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁም ሳያልቅ ሰዓዳ አለቀሰች። ጋሽ ይመር እስኪበርድላቸው ጠበቁ።

«ሁለታችሁም አትዋሹም» አሉ። «ግን ምስክሩ የለም። ሁለቱ መስመር ልሙጥ ይቀራል።»

«ጋሼ፣ አንዱን ይምረጡና ይሙሉልን» አለች ሰዓዳ። «ማን ያውቃል?»

«ማንም አያውቅም። ለዚህ ነው የማልሞላው።»

ጋዙን እንዳልነካ ነገሩኝ። ከሰል አቀጣጠልሁ፤ እንደ መጀመሪያው ቀን ወናፍ ነፋሁ። ሁለቱ አምባሮች በማቅለጫው ውስጥ ለአንድ አፍታ ጎን ለጎን ቆዩ፤ ከዚያ ድንበራቸው ጠፋ። በእሳቱ የጎደለውን ጋሽ ይመር ከ«የማንም ብር» ሞሉት። ቀጥቅጬ፣ ስቤ፣ አጠፍሁት። አራቱን መስመሮች ከጭቃው እያየሁ ስምንት ቀን ቀረጽሁ፤ ማታ ማታ ጋሽ ይመር በጣታቸው እያነበቡ ያቃኑኝ ነበር። ሦስተኛውንና አምስተኛውን ወለወልኋቸው እንጂ አልነካኋቸውም። ሰዓዳ ለብሳው ሄደች። በሳምንቱ በገበያ ሳገኛት አውራ ጣቷ በሦስተኛው መስመር ላይ ወዲያና ወዲህ ይመላለስ ነበር።

ያ የጭቃ ሰሌዳ ደርቆ ፍም ውስጥ ያደረበት ሌሊት በነጋ ጊዜ ጋሽ ይመር ወደ ጆሯቸው አስጠግተው መቱት። ጮኸ። ለእኔም ሰጡኝ፤ መታሁት። ከዚያ ሊደበቅልኝ አልቻለም፤ ያን ቀን የሰጠኋቸው ሸክላ አሮጌ እንደ ነበር ነገርኋቸው።

«ዐውቃለሁ» አሉኝ። «የአባቴ ሥራ ነበር። ጣቴ ገና ሲነካው ዐወቀው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«አፍረህ ታበስላለህ ብዬ ጠበቅሁ። ጊዜ ያለን መስሎኝ። ስለዚህ ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ጠያቂ ሲመጣ እኔ እመልሳለሁ። አንተ አትናገር።»

ይህን በማለታቸው አከብራቸዋለሁ፤ አልስማማም። የዋሸውና የታገሠው እኩል አይዳኙም። ያ አምባር የመጨረሻ ሥራችን ሆነ፤ ዓይናቸው ፈጽሞ ሲጠፋ ሱቁን ዘጉ። የበሰሉት ሸክላዎች በቤታቸው አሉ፤ ባለቤቱ መጥቶ መውሰድ ይችላል። እኔ ከደሴ ከተመለስሁ በኋላ እስከ ባለፈው ነሐሴ ድረስ በዚያ ሱቅ ጌጥ ያስቀለጣችሁ ግን የእናንተ ከመካከላቸው የለም፤ የሚጠየቀውም እኔ ነኝ። ስማችሁን አልጻፍንም ነበርና ዞሬ ልነግራችሁ አልቻልሁም።

የጠፋው ይህ ነው።

ብር፣ ምንም።

ሸክላ፣ አርባ አንድ።

ከእነዚያ መልካቸውን አስታውሼ በወረቀት ልሥላቸው የቻልሁት፣ ሰባት።

ከአንዲት እናት አምባር፣ ሁለት መስመር።